ቄጠማ ሣር አይደለም፤ ግቢዎ ውስጥ ግን ይበቅላል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ቄጠማ የምገዛት ሴትዮ ዘንድሮ ለፋሲካ አንዱን እስር ካምናው በእጥፍ ሸጠችልኝ። ምነው ብላት ‹የምናጭድበት ጨፌ ላይ ቤት ተሠራበት› አለችኝ። የግቢያችን የታችኛው ጥግ ከክረምት ጀምሮ እስከ ጥር አይደርቅም። ቄጠማ ብተክልበት ይበቅላል? ባለቤቴ ‹የጣናው ደንገል እኮ ነው፣ ከጣሪያ በላይ ሊያድግብሽ ነው› ይለኛል። የልጄ መምህርት ደግሞ የሣር ዓይነት ነው ብላ አስተምራታለች። ማን ነው ትክክል?»

እህቴ፣ ይበቅላል። ቦታው እስከ ጥር ውሃ የሚይዝ ከሆነ የሥራው እኩሌታ አልቆልዎታል። ባለቤትዎ ደንገልና ቄጠማ ዘመድ መሆናቸውን ማወቃቸው አስደስቶኛል፤ ስለ ቁመቱ ግን አይስጉ። መምህርቷንም አይውቀሱብኝ። አረንጓዴና ቀጭን ሆኖ ከመሬት የወጣውን ሁሉ ሣር ማለት የሁላችንም ልማድ ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ግን ቄጠማ ከሣር ወገን አይደለም። ይህን የምለው ስም ለማረም ብዬ ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ አተካከሉንም አጨዳውንም ስለሚወስን ነው።

በእጅዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። በሚቀጥለው በዓል ከገዙት እስር አበባ የያዘ አንድ ዘንግ ይምዘዙና በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል ያሽከርክሩት። እንደ ክር አይንከባለልም፤ ጠርዝ አለው፤ ጣትዎ ላይ ይቆማል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይቆማል። ጠርዞቹን ይቁጠሩ፣ ሦስት ናቸው። አሁን በምላጭ አግድም ይቁረጡት። የተቆረጠው ፊት ሦስት ማዕዘን ነው፤ መሃሉ ነጭ፣ ልፍስፍስ፣ ሲጫኑት አየር የሚተነፍስ። ከዚያ አንድ የስንዴ አገዳ ወይም ሸምበቆ አጠገቡ ያድርጉ። አገዳው ክብ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ በየመሃሉም አንጓ አለው። የቄጠማው ዘንግ ከሥሩ እስከ አበባው ድረስ አንጓ የለውም። ቅጠሉንም ያዩ እንደሆነ ሣር ቅጠሎቹን ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ያወጣል፤ ቄጠማ በሦስት ረድፍ ዙሪያውን ያወጣል። ልጅዎ ይህን ክፍል ውስጥ ይዛ ብትሄድ መምህርቷም ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ይህ ባለ ሦስት ጠርዝ ወገን ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው። ከውስጡ ከትልልቆቹ ነገዶች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ሳይፐረስ ይባላል፤ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የመዘገበው ነው፤ ዛሬ 950 ያህል ዝርያዎች ይቆጠሩበታል። የጣናው ደንገል ሳይፐረስ ፓፒረስ ነው። ቄጠማ የምንለው ግን አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ አጫጆች እንደየአገሩ ውሃ ዳር ያገኙትን፣ ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ለስላሳ ቅጠል ያለውን የዚሁ ነገድ አባል ሁሉ ቄጠማ ብለው ያመጡታል። ስለዚህ የባለቤትዎ ደንገልና የእርስዎ ቄጠማ ዝምድናቸው እንደ ሎሚና ብርቱካን ነው፤ አንድ ነገድ፣ ሁለት ፍሬ። ደንገል ሲመቸው 5 ሜትር ይደርሳል፤ ቄጠማ ግን የመስኮትዎን ደፍ እንኳ አይነካም።

ኢሉባቦር ሲሄዱ ሌላ ዘመዳቸውን ያገኛሉ። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፣ ሳይፐረስ ላቲፎሊየስ። የአካባቢው ሰው ጨፌ ይለዋል፤ ቤት ይከደንበታል፣ በበዓል ወለል ላይ ይጎዘጎዛል። እኛ በአማርኛ ጨፌ የምንለው ረግረጋማውን መስክ ነው፤ በኦሮምኛ ደግሞ ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚቀመጡበት ለምለም መስክም ነው፣ የኦሮሚያ ምክር ቤት «ጨፌ» መባሉም ከዚያ የመጣ ነው። ተክሉና ቦታው አንድ ስም መጋራታቸው ትልቅ እውቀት ይመስለኛል፤ አንዱ ከሌለ ሌላው እንደማይኖር ስሙ ራሱ ይናገራል። የጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ ዋዜማ በዘፈን የሚነቅሉት እንግጫም የዚሁ ወገን ነው። ፊላ ግን ከዚህ አይቆጠርም። እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ ቡናማ ራስ ያወጣል፤ ውሃ ዳር አብሯቸው ይኑር እንጂ ቤተሰቡ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልመለስ፤ የነገረችዎ ነገር ከጥያቄዎ ሁሉ የከበደው ነውና። ብዙ ሰው ቄጠማ የጠፋው አጫጅ ስለበዛ ይመስለዋል። እኔ ረግረግ ለረግረግ ስዞር ያየሁት ሌላ ነው። ጨፌ ውስጥ ገብተው አንድ የቄጠማ ቁጥቋጦ ቢነቅሉ ከጭቃው ስር አግድም የሚጓዝ፣ ጣት የሚያክል፣ በጥቁር ቡናማ ቅርፊት የተጠቀለለ ሌላ ግንድ አብሮ ይወጣል። ሽታው የእርጥብ አፈርና የእጣን ነገር ድብልቅ ነው። ከግንዱ ጫፍ ነጭ ቡቃያ እንደ ጥፍር ሾሎ ይታያል። ተክሉ ማለት ይሄ ነው። እኛ የምናጭደው በየዓመቱ የሚያወጣውን ፀጉሩን ነው። ፀጉሩ ሲታጨድ ጭቃ ውስጥ ያለው ግንድ ያጠራቀመውን ስንቅ አውጥቶ መልሶ ያበቅላል። ውሃው ሲሸሽ ግን ቡቃያው ይደርቃል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ግንዱም አብሮ ያበቃለታል።

ግብፅን ያስቧት። ከ4,000 ዓመት በላይ በፊት በንጉሥ ኩፉ ዘመን የተጻፈ ደንገል በቀይ ባሕር ዳር ባለው በዋዲ አል ጃርፍ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ለሺህ ዓመታት ደንገል ሲታጨድ፣ በስሱ ሲሰነጠቅ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ሲደበደብና ሲደርቅ መጽሐፍ ሆኖ ኖረ። (እኛ የዓባይ ምንጭ ላይ ደንገል ሞልቶን ብራናን መረጥን፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ያን ሁሉ ዘመን ታጭዶ አላለቀም። ወረቀት መጥቶ እርሻው ሲተውና ረግረጉ ተጠንፍፎ ማሳ ሲሆን ግን ከወንዙ ዳር ጠፋ። የዕፅዋት ሊቃውንት የዱር ደንገል ግብፅ ውስጥ እንደገና ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ እሱም በዋዲ ናትሩን ብቻ።

በዓመቱ፣ በ1969፣ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ሊያሳይ ተነሳ። ደንገሉን ከየት አመጣው? ከጣና። እዚህ ታጭዶ ግብፅ ተወሰደና በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ታንኳ ሠሪዎች እጅ ተሠራ። ያቺ «ራ» የተባለች መርከብ ባርቤዶስ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተፈታታች። በሚቀጥለው ዓመት «ራ 2» በደቡብ አሜሪካ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች ተሠርታ፣ እሷም በጣና ደንገል፣ ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ያንን ያህል የቻለው ቅድም በምላጭ ሲቆርጡ ያዩት ነጭ ስፖንጅ ነው። ውስጡ አየር ነው። ተክሉ አየሩን ያጠራቀመው ለመርከበኛ ብሎ ሳይሆን አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የተቀበረው ግንዱና ሥሩ እንዲተነፍሱ ነው። በዚያው አየር የጣና ታንኳ ይንሳፈፋል። ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ዳር አውጥተው ያደርቁታል፤ ዕድሜውም ረጅም አይደለም፣ ሠሪው ቶሎ ቶሎ አዲስ ማሰር አለበት። የወይጦ ሰዎች ይህን ሙያ እስከ ዛሬ ይዘውታል።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ራቅ ካለ ዳርቻ አንድ አዛውንት ታንኳ ሠሪ ደንገል ሲያጭዱ አብሬያቸው ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። ማጭዱን ወደ ውሃው ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር እጄን ይይዙኝ ነበር፤ «ከውሃው በላይ፣ ልጄ፤ አፉን አታስጠምበት» ይሉኛል። በመጽሐፍ ያነበብሁትን በሁለት ቃል ነገሩኝ። ጉቶው ከውሃ በታች ከተቆረጠ ውሃ በቀዳዳው ይገባና ግንዱ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኒህ ሰው የሚያጭዱት ደንገል የሚጠፋ ቢሆን ከእሳቸው በፊት በጠፋ ነበር።

ጣናን የጎዳው ሌላ ነው። ውሃው ሸሸት ባለ ቁጥር እርሻ ተከትሎት ይገባል፤ ከብት ለግጦሽ ይሰማራበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሲሠራ የሐይቁ የተፈጥሮ ከፍታና ዝቅታ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ እንቦጭ መግባቱ ታወቀ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ ደንገሉ ግን ዳርቻውን ለማሳው እየለቀቀ ነው። ኢሉባቦር ላይም ያየነው ይኸው ነው። ረግረጉ በቦይ ተጠንፍፎ በቆሎ ይዘራበታል፤ አከታትለው ካረሱት ውሃው ይሸሻል፣ ጨፌው ይሄዳል፣ ሰውም የቤት ክዳን ፍለጋ ይንከራተታል። ብልህ መንደሮች የረግረጉን ራስ፣ ውሃው የሚመነጭበትን፣ ሳይነኩ ይተዉታል። የአዲስ አበባ ዳር ጨፌዎች ደግሞ ይህን ዕድል እንኳ አላገኙም፤ ድንጋይና አፈር ተሞልቶባቸው መሠረት ይወጣባቸዋል። ሴትዮዋ የነገረችዎ እውነቷን ነው። ከእሷ መግዛትዎን ግን አይተዉ፤ ረግረግ እንደ ረግረግ ሆኖ ገንዘብ የሚያመጣው እንደ እሷ ያለ ሰው ሲኖር ነው። አሁን አሁን ገበያውን የያዘው የፕላስቲክ ቄጠማ ግን ያሳዝነኛል። ሲረገጥ አይሸትም፤ ቀዳም ሥዑር ጠዋት ካህናቱ የሚያድሉን፣ ራሳችን ላይ የምናስረው፣ ርግቧ ለኖኅ ያመጣችው ነው እያልን የምንቀበለውም በፕላስቲክ አይተካም።

ወደ ግቢዎ እንግባ። እስከ ጥር ያለው መልካም ነው፤ ችግሩ ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ነው። መፍትሔው ውሃውን እዚያው ማቆየት ነው። በሚያዝያ ወይም በግንቦት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው መደብ ይቆፍሩ፤ ስፋቱ እንደ ቦታዎ ነው፣ በእኔ ልምድ 2 ሜትር በ2 ሜትር ለአንድ ቤት ጥሩ መነሻ ነው። ታቹንና ጎኑን ጠንካራ ላስቲክ ያንጥፉበት። ከላይኛው ጠርዝ አንድ እጅ ዝቅ ብለው ጎን ጎኑን ይብሱት፤ ትርፍ ውሃ በዚያ ይወጣል። የሚሞሉት ኮትቻ፣ ጥቁሩን አፈር ነው። ለሌላ አትክልት የሚያስቸግረው ያ ሙጭጭ የሚል አፈር ለቄጠማ የሚመቸው ነው። ፍግ አያብዙበት። ውሃ ውስጥ የሚበሰብስ ፍግ ያለችውን ትንሽ አየር ይጨርስና ቡቃያውን ያሻግተዋል። ውሃው ላዩ ላይ እንዲተኛ አያድርጉ። ጣትዎን ሲሰኩ እስከ ሁለተኛው አንጓ ጭቃ ከሆነ ይበቃል፤ የቆመ ውሃ ለቄጠማው አያስፈልገውም፣ ለወባ ትንኝ ግን ያስፈልጋታል። ቆላ ወይም ወይና ደጋ ለሚኖሩ አንባቢዎች ይህ ዋናው ማሳሰቢያዬ ነው።

በዘር አይድከሙ። ለችግኝ ያችኑ ሴትዮ ይጠይቋት፤ በሚቀጥለው ስትመጣ ከነሥሩ ጥቂት ቁጥቋጦ ታምጣልዎትና በደንብ ይክፈሏት። ሲቀበሉ ሥሩን ሳያዩ አይትከሉ። እዚህ ላይ ልለምንዎት። ጭቃውን አጥበው ይመልከቱ። አግድም የሄደ ወፍራም ግንድ ካለው ያ ነው የሚፈልጉት። ቀጭን ክር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ጠንካራ ፍሬዎች ካዩ ግን ከግቢዎ ያውጡት፤ ያ ግጫ ነው፣ ሳይፐረስ ሮቱንደስ፤ በዓለም እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት አረሞች ፊት የሚሰለፍ። ቅጠሉ ከቄጠማ ጋር ያሳስታል። እኔ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን ሥሩን ሳላጥብ አንድ ጆንያ ችግኝ አምጥቼ የእናቴ ጓሮ ተክያለሁ። ጎመኑ መሃል በወጣ ቁጥር ስነቅለው ክሩ እየተበጠሰ ፍሬው መሬት ውስጥ ይቀራል፤ የቀረው እያንዳንዱ ፍሬ ደግሞ አዲስ ተክል ይሆናል። በቆፈርሁ ቁጥር አባዛሁት። እናቴ ያንን ጓሮ ለአራት ዓመት ጎመን አልዘራችበትም፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ትክክለኛውን ካገኙ ግንዱን እያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ እንዲይዝ አድርገው ይቁረጡት፤ ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተው ይከርክሙት። በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሲረግጥ፣ አንድ ክንድ እያራራቁ አግድም ይቅበሩት። ቡቃያው ወደ ላይ ይይ፤ አፈሩ የሚሸፍነው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይሁን። ፀሐይ ያስፈልገዋል። ግንብ ጥላ ውስጥ ካደረጉት ይረዝማል፣ ይገረጣል፣ ይወድቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠሉ ቢቢጫ አይደንግጡ፤ አሮጌው ሲሞት አዲሱ ከጎን ይወጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ጫፉን ሊያቃጥለው ይችላል፣ ግንዱን ግን አይነካውም። ከየካቲት በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያጠጡት። የልብስ እጥበት ውሃ ላድርግበት ካሉ ተክሉ ይችለዋል፤ የነገዱ አባላት በሥራቸው ዙሪያ ባሉ ተህዋስያን አማካይነት ቆሻሻ ውሃ ለማጣራት በብዙ አገር ይተከላሉ። ነገር ግን ልጆች የሚቀመጡበት ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ይሁን። ገበያ የሚገዙትም ቢሆን የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚወርድበት ወንዝ ዳር የታጨደ ሊሆን ስለሚችል ከጎዘጎዙ በኋላ እጅ መታጠብ፣ ሲነሳም ለላምና ለጥጃ አለመስጠት ይሻላል።

አጨዳው እንዲህ ነው። መደቡን በዓይንዎ ለሁለት ይክፈሉት። ለአንዱ በዓል አንዱን ወገን ብቻ ያጭዳሉ፤ ሌላውን ለሚቀጥለው ይተዉታል። ደንገል ከታጨደ በኋላ ወደ ቀድሞው ለመመለስ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ቄጠማ ፈጠን ይላል፤ ቢሆንም በየወሩ የሚላጭ መደብ እየሳሳ ሄዶ መሃሉ ራሰ በራ ይሆናል። ከአፈሩ አንድ እጅ ከፍ አድርገው በስለታም ማጭድ ይቁረጡ። አይንቀሉት፣ በእጅዎም አይመንጭቁት፤ ምንጨቃ ቡቃያውን ይዞት ይወጣል። ያጨዱትን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ጥላ ቦታ ካስቀመጡት ሁለት ቀን ሳይጠወልግ ይቆይልዎታል። ስለዚህ ለፋሲካ ዓርብ ማታ ማጨድ ይችላሉ።

ዘንድሮ ሰኔ ከተከሉ ለመጪው ፋሲካ ቡና የሚፈላበትን ጥግ ብቻ ይጎዝጉዙበት፤ ሳሎኑን ለከርሞ ያቆዩት። ችግኙን ስታመጣልዎት ሥሩን አጥበው፣ ነጭ ወረቀት ላይ አጋድመው ፎቶ አንሱና ይላኩልኝ። አፈር ከመንካቱ በፊት አይቼ እነግርዎታለሁ።